ቫልቭ ያለው ማስክ ጎረቤትን ይጠብቃል? ከኅዳር በሽታ እስከ ካዛንቺስ አቧራ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በኮሮና ዘመን መስጂዶች ተዘግተው ዳግም ሲከፈቱ፣ እኛ በመስጂድ አገልግሎት ላይ ያለን ሰዎች በር ላይ ቆመን የምናየው አንድ ነገር ነበር፤ የሰዉ ፊት። ማስክ አድርጓል? አላደረገም? ያደረገ ይገባል፣ ያላደረገ ይመለሳል ወይም ከጓደኛው ይቀበላል። ነገር ግን የገቡት ሁሉ አንድ ዓይነት ማስክ አላደረጉም። አንዱ ሰማያዊውን የሐኪም ማስክ፣ ሌላው ልብስ ሰፊ የሰፋለትን ጨርቅ፣ ሌላው ጥቁር ስፖንጅ መሳይ፣ ሌላው ደግሞ ጉንጩ ላይ ክብ ፕላስቲክ የተገጠመለት ወፈር ያለ ማስክ አድርጎ ሰፍ ውስጥ ይቆማል። ያ ክብ ፕላስቲክ ቫልቭ ይባላል። ብዙ ወጣት ያንን ማስክ «ጠንካራው» ብሎ ይመርጠው ነበር፤ ዋጋውም ከሌላው ይበልጥ ነበር።

ጥያቄው ይሄ ነው፦ ያ ማስክ አድራጊውን ይጠብቃል፤ እሺ። ከጎኑ የቆሙትን አባት ግን ይጠብቃል?

ዛሬ ወረርሽኙ አልፎ ለምን ታነሱታላችሁ ይባል ይሆናል። አንደኛ፣ ሳል፣ ጉንፋንና ሳንባ ነቀርሳ አላለፉም። ሁለተኛ፣ ቀጣዩ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ የዚህ ትንሽ ፕላስቲክ ታሪክ «ራሴን ጠበቅኩ» እና «ሰውን ጠበቅኩ» የሚሉት ሁለት ነገሮች ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳየናል። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር።

🔹 ሁለት ማስኮች፣ ሁለት ዓላማዎች

ዛሬ ሁሉንም «ማስክ» ብለን በአንድ ስም ብንጠራቸውም፣ በታሪክ የመጡት ከሁለት የተለያዩ ቤቶች ነው።

የመጀመሪያው ቤት የሠራተኛው ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1849 ሉዊስ ሃስሌት የሚባል አሜሪካዊ «የሳንባ መከላከያ» ብሎ ለሠራው መሣሪያ የፈጠራ መብት ተሰጠው። መሣሪያው አየር ሲሳብ በረጠበ ሱፍ ውስጥ እያለፈ አቧራው እንዲቀር ያደርጋል። ሲተነፈስ ግን አየሩ በተመሳሳይ መንገድ አይመለስም፤ በአንድ በኩል ብቻ በሚከፈት ትንሽ በር ይወጣል። ልብ በሉ፤ ቫልቩ ያኔውኑ ነበር። ሃሳቡ ቀላል ነው። ጠላት ያለው ውጭ ነው፤ አቧራ፣ ጭስ፣ የማዕድን ብናኝ። ከሰውየው አፍ የሚወጣው አየር ማንንም አይጎዳም ተብሎ ስለታሰበ እሱን ማጣራት አላስፈለገም።

ሁለተኛው ቤት የሐኪሙ ቤት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ካርል ፍሉገ የሚባል ጀርመናዊ የባክቴሪያ ተመራማሪ፣ ሰው ሲናገር ከአፉ የሚረጩ ጥቃቅን ጠብታዎች ጀርም እንደሚሸከሙ አሳየ። ይህን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1897 ዮሐን ሚኩሊች የሚባል የብሬስላው ከተማ ቀዶ ሐኪም (ከተማዋ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ቭሮትስዋፍ ትባላለች) አፉን በሻሽ ሸፍኖ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ጀመረ። ሐኪሙ አፉን የሸፈነው ለራሱ ፈርቶ አልነበረም። ሆዱ ተከፍቶ የተኛው በሽተኛ ከሐኪሙ ምራቅ እንዲጠበቅ ነው። እዚህ ላይ ማስክ ለሌላው ሰው የሚደረግ ነገር ሆነ።

እነዚህ ሁለት ቤቶች የተገናኙት በማንቹሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 እና 1911 በሰሜን ምሥራቅ ቻይና የሳንባ ቸነፈር ተነስቶ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ሰው ጨረሰ። በማላያ፣ በፔናንግ የተወለደው ዶክተር ዉ ሊየን ቴ በሽታው በትንፋሽ እንደሚተላለፍ ተረድቶ፣ ከጥጥና ከሻሽ የተደራረበ ማስክ ሐኪሞችና ነርሶች፣ አስከሬን አንሺዎች፣ በተቻለ መጠንም ሕዝቡ እንዲያደርጉ አደረገ። ከእሱ በዕድሜ የሚበልጥ ሜስኒ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ግን ሃሳቡን ናቀው፤ ያለ ማስክ በሽተኛ ሊያይ ገባ። በቀናት ውስጥ በዚያው በሽታ ሞተ። ከዚያ በኋላ የሚከራከር አልነበረም።

🔹 አዲስ አበባና የኅዳር በሽታ

ማንቹሪያ ሩቅ ነው ካልን፣ ወደ ቤታችን እንምጣ። ከ8 ዓመት በኋላ በዓለም ላይ ኢንፍሉዌንዛ ተነሳ። አዲስ አበባ ላይ የበረታው በኅዳር 1911 ዓ.ም. ስለነበር ሰዉ «የኅዳር በሽታ» አለው። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ባሰባሰቡት መረጃ መሠረት በከተማይቱ ብቻ ከ9 እስከ 10 ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ያኔ ከተማይቱ የዛሬውን ግማሽ ክፍለ ከተማ የማታክል ስለነበረች ቁጥሩ ከባድ ነው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር፤ ተርፈዋል።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሕዝቧ የሻሽ ማስክ እንዲያደርግ በሕግ አስገድዳ ነበር። የእኛ ሰው ግን በሽታውን ከመጥፎ አየርና ከቆሻሻ ጋር አያይዞ ስላየው መልሱ ጭስ ሆነ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል፣ ሰፈሩን ማጠን። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ እስከ ዛሬ በየሰፈሩ የሚታይ የዚያ መከራ ትዝታ ነው።

ከዚህ ምን እንወስዳለን? አያቶቻችን በሽታው አየር ውስጥ እንዳለ ማሰባቸው ከእውነት ብዙ የራቀ አልነበረም። የቀራቸው ያ አየር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነበር። አየሩን የሚበክለው ከቆሻሻ ክምሩ ይልቅ የታመመው ሰው ትንፋሽ፣ ሳልና ንግግር ነበር። ይህን ያወቀ ትውልድ ደግሞ ጥያቄው ይቀየርበታል። «ከውጭ ምን ይገባብኛል?» ብቻ ብሎ አይቆምም፤ «ከእኔ ምን ይወጣል?» ብሎ ይጠይቃል።

🔹 ቫልቩ እንዴት ይሠራል?

አሁን ወደዚያ ክብ ፕላስቲክ እንመለስ። ውስጡ ቢከፈት ስስ የሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከሲሊኮን የተሠራ ክዳን ይገኛል። አየር ሲሳብ ክዳኑ ወደ ውስጥ ተስቦ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ስለዚህ የሚገባው አየር ሁሉ በማጣሪያው ጨርቅ ውስጥ ለማለፍ ይገደዳል። ሲተነፈስ ክዳኑ ተገፍቶ ይከፈታል፤ ትንፋሹም ሳይጣራ በቀዳዳው ይወጣል። አየር እንደ ውኃ ነው፤ የቀለለውን መንገድ ይመርጣል።

ለምን ተሠራ? ለምቾት። ወፍራም ማስክ ውስጥ ሲተነፈስ ሙቀትና እርጥበት ይጠራቀማል፣ መነጽር በጉም ይሸፈናል፣ ትንፋሽ ይከብዳል። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ለሚያራግፍ፣ እንጨት ለሚልግ ወይም ቀለም ለሚረጭ ሠራተኛ ቫልቭ ትልቅ እፎይታ ነው። ሰውየው ስለተመቸው ማስኩን ቶሎ ቶሎ አያወልቀውም፤ ይህም ራሱን የቻለ ጥቅም ነው።

ዛሬ ኤን-95 የምንለው ማስክ የመጣው ከዚህ ከሠራተኛው ቤት ነው። ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ የሠራው የአንድ ጊዜ የአቧራ ማስክ በአሜሪካ መንግሥት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። «ኤን-95» የሚለው መለኪያ የወጣው ደግሞ በ1995 ነው። 95 ማለት እጅግ ጥቃቅን ከሆኑት ብናኞች ቢያንስ 95 በመቶውን ይይዛል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አስተውሉ። ይህ ቁጥር ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚመለከት ነው። ቫልቭ ያለውም ቫልቭ የሌለውም ኤን-95 መሆን ይችላል፤ ሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ስለሚወጣው ትንፋሽ ምንም አይናገርም።

ሆስፒታሎች ይህን ልዩነት ከኮሮና በፊትም ያውቁት ነበር። ቫልቭ ያለው ማስክ ንጽሕናው የተጠበቀ የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አይፈቀድም፤ የሐኪሙ ትንፋሽ ቁስሉ ላይ ይወርዳልና። በሳንባ ነቀርሳ ሕክምናም ተመሳሳይ ክፍፍል አለ። ሐኪሙና ነርሷ የሚገባውን አየር የሚያጣራ ኤን-95 ያደርጋሉ፤ ለሚያስለው በሽተኛ ደግሞ የሚወጣውን የሚይዝ ተራ የሕክምና ማስክ ይሰጠዋል። አገራችን የዓለም ጤና ድርጅት ሳንባ ነቀርሳ ከበዛባቸው 30 አገሮች ተርታ ካስቀመጣቸው አንዷ ስለሆነች፣ ይህ ዕውቀት ለጤና ባለሙያዎቻችን አዲስ አልነበረም። ለሰፈሩ ሰው ግን ማንም አልነገረውም።

🔹 2012 ዓ.ም.፦ ማስክ ካዛንቺስ ሲደርስ

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 በሽተኛ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር የቻይናዊው ባለሀብት የጃክ ማ ፋውንዴሽን ለአፍሪካ አገሮች የላከው የምርመራና የማስክ ዕርዳታ ቦሌ አየር ማረፊያ ደረሰ፤ ቃሉ ለእያንዳንዱ አገር 100 ሺህ ማስክ ነበር። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ታክሲ በግማሽ ጭነት በእጥፍ ዋጋ መሥራት ጀመረ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካዎች ልብስ መስፋቱን ትተው ማስክ ወደ መስፋት ገቡ።

የ1441 ዓመተ ሂጅራ ረመዳን ሚያዝያ 16 ቀን ሲገባ መስጂዶቻችን ለጀማዓ ዝግ ነበሩ። ተራዊሕ በየቤቱ ተሰገደ። ግንቦት 16 ቀን የዋለውን ዒድም ስታዲየምና አደባባይ ሳንወጣ በየቤታችን አሳለፍነው። ያንን ረመዳን ያየ ሰው አይረሳውም። ሙአዚኑ አዛን ይላል፣ የሚመጣ የለም።

ማስክን በተመለከተ በዚያ ሰሞን መልእክቱ ራሱ ሲቀያየር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መጀመሪያ ማስክ ለታመመና ለጤና ባለሙያ ነው ይል ነበር። ከዚያ ጁን 5 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. (ግንቦት 28 ቀን 2012 ዓ.ም.) ርቀት መጠበቅ በማይቻልበት ቦታ ሕዝቡም የጨርቅ ማስክ እንዲያደርግ መንግሥታት ያበረታቱ አለ። ምክንያቱ ትልቅ ነበር። ምንም ሕመም የማይሰማው ሰውም በሽታውን እንደሚያስተላልፍ ግልጽ እየሆነ መጥቶ ነበር። እንዲህ ከሆነ ማስክ የሚደረገው «እኔ ልታመም እችላለሁ» ተብሎ ብቻ አይደለም፤ «እኔ ሳላውቅ ታምሜ ይሆናል» ተብሎም ነው። ማስክ ከሠራተኛው ቤት ወደ ሐኪሙ ቤት የተሻገረው በዚህች ቅጽበት ነው።

መንገድ ላይ ግን ገበያው ሁለቱንም ቤቶች ቀላቅሎ ነው የሸጠው። በካዛንቺስ አስፋልት ዳር፣ በቂርቆስ መግቢያዎች፣ በታክሲ መያዣው ሁሉ ማስክ አዟሪ ነበር። ቫልቭ ያለው አንድም እንደ ሙያ ዕቃ፣ አንድም እንደ ዘናጭ ዕቃ ይሸጥ ነበር። እንዲያውም አንዳንዱ ከጀርባው ምንም ማጣሪያ የሌለው፣ ስስ ጨርቅ ላይ ቫልቭ መሳይ ፕላስቲክ የተለጠፈበት ብቻ ነበር። በመስከረም 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው መመሪያ ቁጥር 30/2013 ማስክን በሕዝብ መገናኛ ቦታ ግዴታ ሲያደርግ፣ በር ላይ የሚታየው አፍና አፍንጫ መሸፈኑ ነበር፤ ጉንጭ ላይ ያለውን ክብ ፕላስቲክ የሚመረምር አልነበረም።

🔹 ዓለም ምን ወሰነ?

በሌላው ዓለም ግን ጥያቄው ቶሎ ተነስቷል። በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ የጤና ባለሥልጣናት ገና በኤፕሪል 2020 ባወጡት ትእዛዝ፣ ቫልቭ ያለው ማስክ ለሕዝብ ቦታ እንደ ማስክ አይቆጠርም አሉ። በጁላይ የሕንድ ጤና ሚኒስቴር ለክልሎች ደብዳቤ ጽፎ ሕዝቡ ቫልቭ ያለው ኤን-95 እንዳይጠቀም አሳሰበ። በኦገስት የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል፣ በአጭሩ ሲዲሲ፣ ሌሎችን ለመጠበቅ ቫልቭ ያለው ማስክ አትጠቀሙ አለ። አየር መንገዶችም ተከትለው ከለከሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በዲሴምበር 2020 መመሪያው ቫልቭ ያለው ማስክ የሚወጣውን ትንፋሽ የማጣራቱን ሥራ ስለሚያልፈው አይመከርም ብሎ ጻፈ።

በኖቬምበር 2020 ደግሞ በአሜሪካ የመለኪያና ደረጃዎች ተቋም የሚሠራ ማቲው ስቴይሜትስ የሚባል ተመራማሪ የአየር እንቅስቃሴን በሚያሳይ ልዩ ካሜራ ራሱን ቀረጸ። ቫልቭ በሌለው ኤን-95 ትንፋሹ በጨርቁ ተይዞ በዝግታ ሲበተን ይታያል። ቫልቭ ባለው ግን ትንፋሹ በቀዳዳው በኩል ወጥቶ ወደ ፊት ሲሄድ በዓይን ይታያል።

እዚህ ላይ ብናቆም «ቫልቭ ያለው ማስክ ለሌላው ሰው ዜሮ ነው» ብለን እንዘጋው ነበር። ነገር ግን ዕውቀት አማና ነው፤ የተገኘውን ሁሉ መናገር አለብን።

በዲሴምበር 2020 የአሜሪካ የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤና ተቋም፣ በአጭሩ ናዮሽ፣ 13 ዓይነት ቫልቭ ያላቸው ማስኮችን ለክቶ ውጤቱን አወጣ። የተለካው ወደ ውጭ የሚወጣው ብናኝ ነበር። ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ። ከአንዱ ማስክ ወደ ሌላው ልዩነቱ ሰፊ ቢሆንም፣ ደረጃውን የጠበቀ ቫልቭ ያለው ማስክ በቫልቩ በኩል እያስወጣም ቢሆን፣ የሚወጣውን ብናኝ የሚቀንሰው ከተራ የሐኪም ማስክ ወይም ከጨርቅ ማስክ ባልተናነሰ፣ አንዳንዴም በተሻለ መጠን ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን ለማሰብ አይከብድም። የሐኪሙ ማስክ በጉንጭና በአፍንጫ ጎን ክፍተት አለው፤ ትንፋሹ በዚያ ያመልጣል። ኤን-95 ግን ፊት ላይ ገጥሞ ስለሚቀመጥ፣ ከትንፋሹ ከፊሉ በቫልቩ ቢወጣም የቀረው በጨርቁ ይጣራል። ቫልቩን ከውስጥ በኩል በሕክምና ፕላስተር መሸፈን ደግሞ የሚወጣውን እጅግ እንደሚቀንስ ያው ጥናት አሳየ።

ታዲያ ቀድመው የከለከሉት ተሳስተው ነበር? አይደለም። በ2020 አጋማሽ ይህ ልኬት በእጃቸው አልነበረም፤ የሰው ሕይወት ላይ ደግሞ በጥርጣሬ ጊዜ ጥንቃቄ ይቀድማል። በእኛ ፊቅህም ኢሕቲያጥ የሚባል ነገር አለ። ከልኬቱ በኋላም ቢሆን ዋናው ነገር አልተለወጠም። ያው ማስክ ቫልቭ ሳይኖረው ሌላውን ይበልጥ ይጠብቃል። ጥናቱ ደግሞ የተመሰከረላቸውን ማስኮች እንጂ አስፋልት ዳር የተሸጠውን ፕላስቲክ የተለጠፈበት ጨርቅ አይመለከትም።

ስለዚህ መልሱ በአጭሩ ይሄ ነው፦

✅ ቫልቭ የሌለው፣ ፊት ላይ የገጠመ ኤን-95 ወይም አቻው፦ ራስንም ሌላውንም በደንብ ይጠብቃል።
✅ የሐኪም ማስክ፦ ሌላውን በመጠኑ፣ ራስንም በመጠኑ።
⚠️ ደረጃውን የጠበቀ ቫልቭ ያለው ማስክ፦ ራስን በደንብ፤ ሌላውን ከሐኪም ማስክ ጋር በሚቀራረብ መጠን። ቫልቩ ከውስጥ ከተሸፈነ ይሻላል።
❌ ቫልቭ የተለጠፈበት ተራ ጨርቅ፦ ለማንም አትመኩበት።

🔹 ከእኛ አፍ የሚወጣው

ውድ ወጣቶች፣ ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዲናችን ሰው ከራሱ በሚወጣው ነገር ይጠየቃል። ይህን ስንል ወዲያው ወደ አእምሯችን የሚመጣው ምላስ ነው፤ ሐሜትና ውሸት። ነገር ግን ትንፋሽም አለበት።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲያስነጥሱ ፊታቸውን በእጃቸው ወይም በልብሳቸው ይሸፍኑ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ ያደርጉ እንደነበር አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲስ ያስረዳል። ይህ የሆነው ጀርም የሚባል ነገር በማይታወቅበት ዘመን ነው። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰውም ሽታው እስኪለቀው ከመስጂድ እንዲርቅ የታዘዘበት ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። ልብ በሉ፤ ነጭ ሽንኩርት ሐላል ነው፣ ጀማዓ ደግሞ ትልቅ አጅር ያለው ነገር ነው። ሆኖም ከአፉ የሚወጣው ሽታ ጎኑ ያለውን ሰው ስለሚያስቸግር እንዲርቅ ተነገረው። ሽታ ይህን ያህል ከተቆጠረ፣ አንድ አባትን አልጋ ላይ ሊጥል የሚችል ትንፋሽ ምን ያህል ይቆጠር?

በኮሮና ጊዜ ብዙ ወንድሞች «ሰላት ላይ አፍን መሸፈን የተጠላ አይደለም ወይ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። አዎ፣ ያለ ምክንያት አፍን ሸፍኖ መስገድ መክሩህ ነው፤ ስለዚህም ሐዲስ መጥቷል። ዑለማዎች ግን መክሩህነቱ ሐጃ ሲኖር እንደሚነሳ አስረድተዋል። በሽታን መከላከል ከሐጃ በላይ እንጂ በታች አይደለም። ሰላቱም ትክክል ነው።

ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የሚባል ቦታ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው፣ ሰሓቦችን አማክረው ሠራዊታቸውን ይዘው መመለሳቸውን ሁላችንም ተምረናል። ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ግን የሐዲሱን ሁለተኛ ክፍል ነው። ወረርሽኝ ወዳለበት አትግቡ ብቻ ሳይሆን፣ ካለበት ሸሽታችሁ አትውጡም ይላል። የመጀመሪያው ራስን መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ሌላውን መጠበቅ ነው። ቫልቭ ያለው ማስክ የመጀመሪያውን በሙሉ ይዞ ሁለተኛውን በከፊል የተወ ዕቃ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

🔹 ዛሬ በቂርቆስና በካዛንቺስ

የዓለም ጤና ድርጅት በሜይ 5 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. የኮቪድ ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን አወጀ። በአገራችን በይፋ የተመዘገበው ሟች ከ7 ሺህ 500 በላይ ነው። አላህ ለሞቱት ወንድሞችና እህቶቻችን ይዘንላቸው።

ማስክ ግን ከካዛንቺስ አልወጣም። ስሟ ከጣልያን ዘመን የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች የመጣው ይህች አሮጌ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ስትፈርስ፣ ብዙ ነዋሪ ወደ ሌላ አካባቢ ሲዛወር፣ የቀረው አቧራ ነበር። የፈረሰ ጭቃ፣ የተሰበረ ብሎኬት፣ የሚቆረጥ ድንጋይ፣ የሚቦካ ሲሚንቶ። የድንጋይና የሲሚንቶ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚያጠራቅመው ጠባሳ አይመለስም። የቀን ሥራ የሚሠሩ ወንድሞቻችን አፋቸውን በሻርፕ ወይም በሹራብ ሸፍነው ድንጋይ ሲቆርጡ ማየት የተለመደ ነው፤ ሻርፕ ግን ያንን ብናኝ አይዝም።

እዚህ ቦታ ላይ ያ የተቸነው ቫልቭ ያለው ማስክ ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው። ግንባታ ላይ ጠላቱ ውጭ ነው። ሠራተኛው እንዲመቸው፣ ቀኑን ሙሉ እንዳያወልቀው ቫልቩ ያስፈልገዋል። በሳይት ላይ ለምትሠራ ወንድማችን፣ ደረጃውን የጠበቀ ቫልቭ ያለው ማስክ ያንተ ነው፤ ገዝተህ አድርገው። አሠሪ የሆንክ ደግሞ የሠራተኛህ ሳንባ አማናህ ነው፤ ከሲሚንቶው ጋር ማስኩንም ግዛ።

ያው ወንድም ግን ሲያስለው፣ ሲያተኩሰው፣ ጉንፋን ሲይዘው፣ ያንን ማስክ አድርጎ ለጁሙዓ ሲመጣ ጉዳዩ ይለወጣል። ቢችል ቤቱ ይስገድ፤ ዑዝር አለው። መውጣት ካለበት ቫልቭ የሌለውን ያድርግ፤ ከሌለው ቫልቩን ከውስጥ ይሸፍን። ሳሉ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየበት ደግሞ ማስክ አይበቃውም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርግ። ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ይህን መደበቅ ነውር የሚሆነው ለአንተ ብቻ ሳይሆን ቤትህ ውስጥ ላለችው እናትህም ነው።

የመስጂድ ኮሚቴ ያላችሁ ወንድሞች፣ አንድ ካርቶን የሐኪም ማስክ መግቢያ በር ላይ ቢቀመጥ ብዙ ወጪ አይደለም። በተለይ በጉንፋን ወቅት፣ በተለይ አረጋውያን በሚበዙባቸው የሱብሒና የዒሻእ ሰላቶች። መስኮት መክፈትም ከማስክ እኩል የሚቆጠር ነገር ነው። የሚወጣው ትንፋሽ ቦታ ካገኘ ይሳሳል።

ማስክ ስትገዙ «ይሄ እኔን ምን ያህል ይጠብቀኛል?» ብላችሁ መጠየቃችሁ ትክክል ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ ግን አትርሱ፦ «ከጎኔ ለሚቆመው ሰውስ?»

አላህ ከሚታየውም ከማይታየውም በሽታ ይጠብቀን፤ በእኛ ምክንያት ማንም እንዳይጎዳ ያድርገን፤ የታመሙትን ያሽርልን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።

ይህን ጽሑፍ ሳይት ላይ ለሚሠራ ወንድማችሁና ቤት ውስጥ አረጋዊ ላለው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።